በወሊድ የሚጎዳ ክንድና የሙያ ጥፋት ጥያቄ

በድሬዳዋ ለአዋላጆች፣ ለሕግ ባለሙያዎችና ለወላጆች ከቀረበ ንግግር የተዘጋጀ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ከፍትሕ ዘርፍ የመጣችሁ እንግዶች፣ ልጆቻችሁን ታቅፋችሁ የተገኛችሁ እናቶችና አባቶች፤

ዛሬ የምናገረው ብዙ ሰው ስለማያውቀው፣ በደረሰበት ቤት ግን ለዓመታት ሲያነጋግር ስለሚኖር ጉዳት ነው። ሕፃኑ ይወለዳል፣ ያለቅሳል፣ ጡት ይጠባል፤ አንድ እጁ ግን አይነሳም። እንዲህ ያለ ልጅ በከዚራ ቢወለድም ሆነ በመጋላ፣ ከገጠር ቀበሌዎቻችን በአምቡላንስ ከመጣች እናት ቢወለድም፣ ጎረቤቱ የሚሰጠው መልስ ከሁለቱ አንዱ ነው። አንዱ ወገን "የፈጣሪ ሥራ ነው፣ ምን ይደረጋል" ብሎ ይቀመጣል፤ ሌላው "ጎትተው በጥሰውት ነው" ብሎ አዋላጇን ይረግማል። ሁለቱም ሳይመረመሩ የተሰጡ ፍርዶች ናቸው፤ ሁለቱም ደግሞ ልጁን ይጎዱታል። የመጀመሪያው በወቅቱ ሊደረግለት የሚገባውን ሕክምና ያስቀርበታል፤ ሁለተኛው የጤና ባለሙያው እንዲፈራና የሆነውን ነገር እንዲደብቅ ያደርጋል። እኔ ዛሬ የማስረዳው አንድ ነገር ነው፦ ጥፋት መኖሩም ሆነ አለመኖሩ እጁን በማየት ብቻ አይታወቅም፤ የሚታወቀው የሕፃኑ ጭንቅላት ከወጣ በኋላ በነበሩት ጥቂት ደቂቃዎች ምን እንደተደረገ፣ ከዚያም ምን እንደተጻፈና ለወላጅ ምን እንደተነገረ በማጣራት ነው።

በመጀመሪያ አካሉን እንመልከት። እጃችንን የሚያንቀሳቅሱትና ስሜት የሚሰጡት ነርቮች የሚነሡት ከአንገት ነው። ከአንገት በታችኛው ክፍልና ከደረት የመጀመሪያው አጥንት አካባቢ የሚወጡ አምስት የነርቭ ሥሮች ከአንገትጌ አጥንት ሥር አልፈው፣ እርስ በርሳቸው ተጠላልፈው ወደ ክንድ ይወርዳሉ፤ ይህን መረብ በሕክምና ቤት ብራኪያል ፕሌክሰስ እንለዋለን። የሕፃኑ ጭንቅላት ወደ አንድ ጎን፣ ትከሻው ደግሞ ወደ ሌላው ጎን ከመጠን በላይ ሲራራቁ የሚወጠረው ይህ መረብ ነው። የላይኞቹ ሁለት ሥሮች ሲጎዱ እጁ ከጎኑ ተጣብቆ፣ ክርኑ ተዘርግቶ፣ ክንዱ ወደ ውስጥ ዞሮ፣ መዳፉ ወደ ኋላ ተመልሶ ይታያል፤ ጣቶቹ ግን ይጨብጣሉ። ይህን ዓይነቱን ጀርመናዊው ሐኪም ኤርብ በ1874 እ.ኤ.አ. አስረድቶታል። የታችኞቹ ሥሮች ሲጎዱ ደግሞ የሚዝለው መዳፉና ጣቶቹ ናቸው፤ ይህንን በ1885 እ.ኤ.አ. የጻፈችው ኦጉስታ ክሉምፕኬ የምትባል፣ ያኔ በፓሪስ ገና የሕክምና ተማሪ የነበረች ሴት ናት። በብዙ አገሮች የተጠኑ ጽሑፎች እንደሚያሳዩት ከ1,000 ሕፃናት በ1 ወይም በ2ቱ ላይ ይህ ጉዳት ይደርሳል።

ሌሎች ነርቮችም በወሊድ ይጎዳሉ፤ የፊት ነርቭ ሲጫን ሕፃኑ ሲያለቅስ አፉ ወደ አንድ ወገን ይዛባል፣ አብዛኛውን ጊዜም በሳምንታት ውስጥ ይስተካከላል። እሱን በዚሁ እንለፈውና ወደ ክንዱ እንመለስ፤ ክርክር የሚያስነሳው ክንዱ ነውና።

የጉዳቱ ዋነኛ መነሻ ትከሻ መያዝ ነው፤ በማዋለጃ ክፍል "ሾልደር ዲስቶሺያ" የምንለው። ጭንቅላቱ ከወጣ በኋላ የፊተኛው ትከሻ ከእናቲቱ የፊት ዳሌ አጥንት ኋላ ተሰንቅሮ ይቀራል። ልምድ ያላት አዋላጅ ይህን የምታውቀው በአንድ ምልክት ነው፤ የወጣው ጭንቅላት ወደ ፊት ከመምጣት ይልቅ ወደ ኋላ ይሳባል፣ ጉንጩ ከእናቲቱ ገላ ጋር ተጣብቆ አገጩ እንኳ በደንብ አይታይም። በዚህ ጊዜ እትብቱ ሊጫን ስለሚችልና ደረቱም ስለተጨበጠ፣ ሕፃኑ በቂ ኦክሲጅን አያገኝም፤ ከአምስት ደቂቃ ያህል በኋላ የአንጎል ጉዳት ሥጋቱ እየጨመረ ይሄዳል። እንግዲህ የአዋላጇ ፈተና ይህ ነው፦ ብትዘገይ አንጎሉ፣ ብትቸኩልና ብትጎትት ነርቩ።

የሰው እጅ በድንጋጤ ጊዜ የሚያደርገው የመጀመሪያው ነገር መጎተት ነው፤ ስህተቱም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ትከሻው የተያዘው በአጥንት እስከሆነ ድረስ ጭንቅላቱን ወደ ታች አጥፎ መሳብ አጥንቱን አያልፍም፤ የሚያራዝመው አንገቱንና በአንገቱ ውስጥ ያሉትን ነርቮች ነው። በጠባብ በር ቁም ሳጥን ያስገባ ሰው ይህን ያውቃል፤ መላው ሳጥኑን ማዘንበል ወይም ማዞር እንጂ እጀታውን መሳብ አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ እርዳታ ይጠራል፣ ሰዓት ይያዛል፣ እናቲቱ ማማጧን ለጊዜው እንድታቆም ይነገራታል። ቀጥሎ ሁለት ረዳቶች የእናቲቱን ጭኖች በደንብ ወደ ሆዷ ያጥፋሉ፤ ይህ የማክሮበርትስ አያያዝ የሚባለው ሲሆን ብዙውን ጊዜ ይህ ብቻውን ትከሻውን ይለቀዋል። ሦስተኛ ሰው ካለ ከፊት ዳሌ አጥንቱ በላይ፣ በሕፃኑ ጀርባ በኩል ሆኖ ትከሻውን ወደ ጎን ይገፋል። ይህ ካልሆነ እጅ አስገብቶ ትከሻውን ማዞር፣ ወይም የኋለኛውን ክንድ ፈልጎ በደረቱ ላይ አሳልፎ ማውጣት ይከተላል። እናቲቱን አዙሮ በእጅና በጉልበቷ እንድትቆም ማድረግም ይረዳል፤ ይህን ዘዴ አሜሪካዊቷ አዋላጅ ኢና ሜይ ጋስኪን ከጓቲማላ የልምድ አዋላጆች የተማረችው መሆኑን በዚህ አጋጣሚ ልጥቀስ፤ እኛ ሐኪሞች የልምድ አዋላጅ ሁሉ አላዋቂ ነው ማለት ስለምንወድ።

አንድ ነገር ግን በፍጹም አይደረግም፤ እሱም የሆዷን አናት በክንድ ተደግፎ ወደ ታች መጫን ነው። በየማዋለጃ ክፍሉ ይህ ልማድ እስካሁን አልጠፋም፤ "እንርዳት" ተብሎ ይደረጋል። ትከሻው ተይዞ ሳለ ከላይ መጫን ግን የተሰነቀረውን ትከሻ ይበልጥ ከአጥንቱ ጋር ያጋጨዋል፣ ነርቩን ለጉዳት ይዳርጋል፣ ማህፀንንም ሊቀድ ይችላል። ከዳሌው አጥንት በላይ ያለው ትክክለኛ ግፊት ከዚህ ጋር ይምታታል፤ ልዩነቱ የጥቂት ጣቶች ርቀት ነው፣ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው። ሥልጠና ላይ ያላችሁ አዋላጆች ከዚህ አዳራሽ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ትወጡ ዘንድ ቢፈቀድልኝ ይህን እመርጥ ነበር።

የእኛን አካባቢ የሚመለከት ሌላ ነገርም አለ። ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር ሆስፒታሎች የምትመጣ ወላድ አማርኛ ላታውቅ ትችላለች፤ አፍ መፍቻዋ ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ ነው። "አታምጪ፣ እግርሽን አጥፊ፣ ዙሪ" የሚለውን በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ ካልተረዳች ትእዛዙ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። በየፈረቃው ቢያንስ እነዚህን ጥቂት ቃላት በሦስቱም ቋንቋ የሚችል ሰው መኖሩን ማረጋገጥ እንደ ኦክሲጅን ሲሊንደሩ ሁሉ የክፍሉ ኃላፊ ሥራ ነው።

አሁን ወደ አከራካሪው ጉዳይ ልግባ። ትከሻ መያዝ አስቀድሞ ይታወቃል ወይ? በከፊል። የእናቲቱ የስኳር ሕመም፣ የሕፃኑ ክብደት መብዛት፣ ከዚህ በፊት ትከሻ የተያዘበት ወሊድ፣ የማማጫው ጊዜ መርዘም፣ ጭንቅላቱን በሚስብ መሣሪያ (በቫኪዩም) ወይም በመቆንጠጫ (በፎርሴፕስ) መውለድ፣ እነዚህ ሁሉ ሥጋቱን ይጨምራሉ። ይሁንና ትከሻ ከሚያዝባቸው ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ክብደታቸው ከ4 ኪሎ በታች ነው፤ አስቀድሞ ምንም ምልክት ያልታየባቸውም ብዙዎች ናቸው። ከዚህም በላይ የነርቩ ጉዳት ትከሻ ተያዘ ባልተባለበት ወሊድ፣ አልፎ አልፎም በኦፕራሲዮን በተወለደ ሕፃን ላይ ይገኛል፤ የማህፀን ግፊት ራሱ፣ ማንም ሳይጎትት፣ ነርቩን ሊወጥረው እንደሚችል የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሰፊ ዘገባ አስረድቷል። ይህን የምናገረው ሙያዬን ለመከላከል አይደለም። እንዲያውም ዘገባው በፍርድ ቤቶች ለተከሳሽ ሐኪሞች እንደ ጋሻ ማገልገሉ ያሳስበኛል፤ "ሊሆን ይችላል" ማለት "በዚህች እናት ላይ የሆነው ይህ ነው" ማለት አይደለምና። የእያንዳንዱን ወሊድ ጥያቄ የሚፈታው የዚያው ወሊድ መዝገብ ነው።

ስለ መዝገቡ ትንሽ ልቆይበት። በአንድ ስሙን በማልጠራው የጤና ተቋም የተወለደ፣ የቀኝ እጁ የዛለ ሕፃን የወሊድ ካርድ አይቻለሁ። በካርዱ ላይ የተጻፈው ወንድ፣ 4 ኪሎ ከ200 ግራም፣ በማህፀን በር የተወለደ፣ እናትና ልጅ ደህና ናቸው የሚል ብቻ ነበር። ጭንቅላቱ ስንት ሰዓት እንደወጣ፣ አካሉ ስንት ሰዓት እንደወጣ፣ ማን እንደነበረ፣ ምን እንደተሞከረ አንድም ቃል የለም። እጁ አለመንቀሳቀሱን ያየችው ቤቷ ገብታ ሕፃኑን ልታጥብ የነበረችው አያቱ ናት። በዚያ ክፍል የነበረችው አዋላጅ ሁሉንም በትክክል ሠርታ ሊሆን ይችላል፤ ሁሉንም አበላሽታም ሊሆን ይችላል። ያ ካርድ ግን አዋላጇንም ልጁንም አይረዳም።

ትክክለኛ መዝገብ ምን ይዟል? የጭንቅላቱንና የአካሉን መውጫ ሰዓት፣ የተጠሩትን ሰዎችና የደረሱበትን ጊዜ፣ የተደረጉትን አያያዞች በቅደም ተከተል፣ የሕፃኑን ክብደትና በ1ኛውና በ5ኛው ደቂቃ የነበረበትን ሁኔታ፣ ሁለቱም እጆች መንቀሳቀስ አለመንቀሳቀሳቸውን ይዟል። ብዙዎች የሚዘሉት አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ከፊት የነበረው ትከሻ ቀኙ ነው ወይስ ግራው? የተጎዳው እጅ ከፊት የነበረው ከሆነ የመጎተት ጥያቄ ክፍት ይሆናል። የተጎዳው ከኋላ የነበረው እጅ ከሆነ ግን ትከሻው የተያዘው ከኋለኛው የዳሌ አጥንት ጋር፣ ምናልባትም ጭንቅላቱ ገና ሳይወጣ በፊት ሊሆን ስለሚችል፣ አዋላጇ ወደ ታች ጎትታ አደረሰችው ማለት ይከብዳል። አንዲት ቃል፣ "ቀኝ" ወይም "ግራ" የምትል፣ ከዓመታት በኋላ አንዲትን ባለሙያ ነፃ ልታወጣ፣ ወይም አንድን ልጅ ካሣ ልታስገኝ ትችላለች።

ሕጋችን ምን ይላል? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2031 ሙያውን የሚሠራ ሰው የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ ግዴታውን በግልጽ ባለማወቅ ወይም በቸልተኝነት ከሙያው ደንብ ውጭ ከሠራም ኃላፊ ያደርገዋል። እዚህ ላይ መለኪያው ውጤቱ አለመሆኑን ልብ በሉ፤ መለኪያው የሙያው ደንብ ነው። ስለ ሕክምናና ስለ ሆስፒታል ውል የሚናገሩት ከቁጥር 2639 ጀምሮ ያሉት አንቀጾች ደግሞ የጤና ተቋሙ በሠራተኞቹ ጥፋት ለደረሰ ጉዳት በፍትሐ ብሔር እንደሚጠየቅ ይደነግጋሉ። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 559 በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስ የሚያስቀጣ ሲሆን፣ የሙያ ግዴታ ባለበት ሰው ላይ ቅጣቱ ይከብዳል። በተግባር ፖሊስም ፍርድ ቤትም ከጤና ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ኮሚቴ የሙያ አስተያየት ይጠይቃሉ፤ ኮሚቴው የሚያየው ደግሞ ዞሮ ዞሮ ያንኑ ካርድ ነው። በእኔ እምነት ለእንዲህ ያለ ጉዳይ እስር ቤት የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው መንገድ መሆን የለበትም፤ ልጁ የሚያስፈልገው ሕክምናና ካሣ ነው፣ የታሰረች አዋላጅ ሁለቱንም አትሰጥም።

ጥፋት ደግሞ በማዋለጃው አልጋ ላይ ብቻ አይፈጸምም። የስኮትላንዷ ናዲን ሞንትጎመሪ ቁመቷ አጭር የሆነ፣ የስኳር ሕመም ያለባት ነፍሰ ጡር ነበረች። የስኳር ሕመም ካለባቸው እናቶች ከ100ው በ9 ወይም በ10 ላይ ትከሻ እንደሚያዝ ሐኪሟ ታውቅ ነበር፤ ነገር ግን ከባድ ጉዳት የሚደርሰው በጥቂቱ ነው፣ ከነገርኳትም ኦፕራሲዮን ትጠይቃለች በሚል አልነገረቻትም። በ1999 እ.ኤ.አ. ልጇ ሲወለድ ትከሻው ለ12 ደቂቃ ተያዘ፤ አንጎሉም ክንዱም ተጎዳ። የዩናይትድ ኪንግደም ጠቅላይ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2015 እ.ኤ.አ. በሰጠው ፍርድ፣ ሐኪም ለእናቲቱ ሊነግራት የሚገባው ሌሎች ሐኪሞች የሚነግሩትን ያህል ሳይሆን፣ በእሷ ቦታ ያለ አስተዋይ ሰው ሊያውቀው የሚፈልገውን ያህል ነው አለ፤ ካሣውም 5.25 ሚሊዮን ፓውንድ ሆነ። ይህ ፍርድ የእኛን ዳኞች አያስገድድም። ነገር ግን ስኳሯ ከፍ ብሎ፣ በአልትራሳውንድ ሕፃኑ ትልቅ መሆኑ ታይቶ ሳለ "አይዞሽ፣ በሰላም ትወልጃለሽ" ብቻ ተብላ የምትሸኝ እናት በእኛም ክትትል ክፍሎች አለች። አይዞሽ ማለት ጥሩ ነው፤ ሥጋቱን መንገርን ግን አይተካም።

ከወሊድ በኋላ ባለው ጊዜ የወላጆች ድርሻ ይበልጣል። እጁ የማይንቀሳቀስ ሕፃን ሁሉ ነርቩ ተጎድቷል ማለት አይደለም፤ የአንገትጌ አጥንቱ ተሰብሮ ከሆነ በሕመሙ ምክንያት አያንቀሳቅሰውም፣ ይህም በሁለትና በሦስት ሳምንት ይጠግናል። መለየት የሐኪም ሥራ ነው። እባካችሁ ወደ ወጌሻ አትውሰዱት። የወጌሻን ጥበብ አልንቅም፤ የተበጠሰ ወይም የተወጠረ ነርቭ ግን ታሽቶ አይገጥምም፤ በቀርቀሃና በጨርቅ የታሰረ የጨቅላ ክንድ ደም ተከልክሎ ሲሞትና እስከ መቆረጥ ሲደርስም በአገራችን የታየ ነው። የተሻለው መንገድ የመጀመሪያዎቹን ቀናት እጁን አሳርፎ፣ ቀጥሎ ፊዚዮቴራፒስት በሚያሳየው መሠረት ትከሻውን፣ ክርኑንና አንጓውን በየቀኑ በዝግታ ማንቀሳቀስ ነው፤ ዳይፐር በተቀየረ ቁጥር ቢደረግ አይረሳም። ነርቭ ሲያድግ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከአንገት እስከ ጣት ያለውን መንገድ ስታስቡት ትዕግሥቱ ለምን እንደሚያስፈልግ ይገባችኋል። አብዛኞቹ ሕፃናት ይድናሉ፤ ከ100ው ከ20 እስከ 30 የሚሆኑት ግን የሚቀር ድክመት ይኖራቸዋል። ልጁ በ3ኛው ወር ክርኑን ማጠፍ ካልጀመረ ወደ ነርቭና አጥንት ቀዶ ሐኪም መላክ አለበት፤ የነርቭ ቀዶ ሕክምና የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነውና። "ሲያድግ ይለቀዋል" እየተባለ ዓመት ሞልቶት የሚመጣ ልጅ ያንን ዕድል አጥቶ ነው የሚመጣው። ጣቶቹም ጭምር ከዛሉ፣ ወይም በዚያው ወገን ያለው የዓይን ቆብ ከወረደ ጉዳቱ ከባድ ነውና ሦስት ወር አይጠበቅም።

ንግግሩ ካበቃ በኋላ ከቀረቡት ጥያቄዎች ሦስቱን ከነመልሳቸው አክዬአለሁ።

አንድ ጠበቃ፣ መዝገቡ ባዶ ከሆነ ወላጅ እንዴት ያስረዳል ሲሉ ጠየቁ። መልሴ ይህ ነበር፦ ማስረጃ ከወሊድ ክፍል ካርድ ብቻ አይገኝም፤ የክትትል ካርዱ፣ የስኳር ምርመራው ውጤት፣ የፈረቃ መዝገቡ፣ በክፍሉ የነበሩ ረዳቶች ምስክርነት፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕፃኑን ያየው ሐኪም ጽሑፍ አሉ። ከውል ውጭ በሚደርስ ኃላፊነት የካሣ ክስ በቁጥር 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ እንዳለበት እናንተ ከእኔ በተሻለ ታውቃላችሁ፤ ወላጅ ግን አያውቅም። ልጁ ይድናል እያሉ ሲጠብቁ ጊዜው ያልፋል። የካርዱን ቅጂ ቀድሞ መጠየቅ መካሰስ አይደለም፤ ተቋሙም እንደ ጠብ ሊያየው አይገባም።

ከጤና ጣቢያ የመጣች አዋላጅ ደግሞ፣ "ሌሊት ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር ብቻ ነው የምንሆነው፤ ሁለት ረዳት ከየት ይምጣ?" አለች። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ አዳራሹም አጨበጨበላት። የእናቲቱን እህትና አማት ከውጭ ጠርታችሁ ጭኗን እንዴት እንደሚያጥፉ አሳይዋቸው፣ ምጡ ከመግፋቱ በፊት አሳይዋቸው። የጽዳት ሠራተኛዋንም አሠልጥኗት። ከዚያ በተረፈ ግን አንዲት አዋላጅ ብቻዋን አስቀምጦ ውጤቱን እሷ ላይ ብቻ የሚጭን አስተዳዳሪ፣ ኃላፊነቱን በሕግ ፊት ከእሷ ጋር ሊካፈል ይገባል ብዬ አምናለሁ።

የመጨረሻዋ ጠያቂ የግራ እጁ የደከመ የሁለት ዓመት ልጅ እናት ነበረች፤ አሁን ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት። "ዶክተር፣ ይህኛውም እንደዚያው ይሆንብኛል?" አለች። እህቴ፣ አንድ ጊዜ ትከሻ የተያዘባት እናት በሚቀጥለው የመያዙ ዕድል ከሌላው ሰው ከፍ ይላል፤ ግዴታ ግን አይደለም፣ ብዙዎቹ በሰላም ይወልዳሉ። በመጀመሪያው የክትትል ቀን ታሪክሽን ሳትጠየቂ ተናገሪ። ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ የስኳር ምርመራ ይደረግልሽ። በጤና ጣቢያ ሳይሆን ኦፕራሲዮን በሚሠራበት ሆስፒታል፣ እዚህ ድል ጮራ ወይም ሐረር ሕይወት ፋና፣ ለመውለድ ተዘጋጂ፤ በምጥ ወይስ በኦፕራሲዮን የሚለውን ከሐኪሙ ጋር የሁለቱንም ጉዳትና ጥቅም ሰምተሽ ወስኚ። ስትሄጂም የመጀመሪያውን ልጅ የወሊድ ካርድ ያዢ፤ ከጠፋብሽ በዚህ ሳምንት ሄደሽ ቅጂውን ጠይቂ።